ስውጥ ልቤ ቀጥ ይላል

ወጣቷ ሐኪም ውሃ ያለበት ብርጭቆ ለእናቴ አቀበለቻት። እናቴ አልጋው ላይ ቀና ተደርጋ ጋደም ብላለች፤ ደረቷ፣ እጆቿና እግሮቿ ላይ የኢሲጂ፣ የልብን ምት የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ገመዶች ተለጥፈዋል። «እማማ፣ ትንሽ ይጎንጩና አፍዎ ውስጥ ይያዙት። ስልዎት ይውጡታል።» እናቴ ብርጭቆውን በቀኟ ያዘች። በግራዋ የአልጋውን ብረት ጥብቅ አድርጋ ጨበጠች።

«አሁን ይዋጡ።»

ዋጠች። ስክሪኑ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲል የነበረው መስመር መጀመሪያ ዘገየ። አንዴ ተመታ፤ ቆየት ብሎ ደገመ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር። የእናቴ ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ፤ ብርጭቆው ከእጇ ሲያመልጥ ነርሷ ቀለበችው። ሐኪሟ የእናቴን ራስ ደግፋ ስሟን እየደጋገመች ጠራቻት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ መተንፈሴን አላስታውስም። መስመሩ በድንገት ብድግ አለና እንደገና መምታት ጀመረ። በኋላ ወረቀቱ ላይ ሲለካ 4 ሰከንድ ተኩል ነበር።

እናቴ ዓይኗን ገልጣ ዙሪያዋን አየችና በቀስታ፣ «ይኸው፣ ይህንን ነው ስነግራችሁ የነበረው» አለች።

እውነቷን ነው። ከዓመት ተኩል በላይ ስትነግረን ነበር። የተናገረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ አንድም ቀን ቃሏን ለውጣ አታውቅም፦ «ስውጥ ልቤ ቀጥ ይላል።»

ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። በአማርኛ «ልቤ ቀጥ አለ» የሚል ሰው ደንግጧል ማለት ነው። በር ሲንኳኳ፣ ስልክ በሌሊት ሲጮህ፣ ልጅ መንገድ ላይ ሲሮጥ ልባችን ቀጥ ይላል። ስለዚህ እናቴ ስትናገር የሰማናት ሁሉ የሰማነው ድንጋጤን ነበር። የመጀመሪያው ሐኪም ጨጓራ ነው አለ፤ መድኃኒት ሰጣት። ሁለተኛው ደም ማነስ ይሆናል አለ። ሦስተኛው ኢሲጂ አነሳት፤ ንጹሕ ነው፣ ልብዎ ደህና ነው፣ ጭንቀት ይቀንሱ አላት። የዚያን ዕለት ኢሲጂ ሲነሳ ግን እናቴ ምንም እየዋጠች አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ እኔም፣ «እማዬ፣ ሰማሽ አይደል? ጭንቀት ነው እኮ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ከዚያ በኋላ ውሃ ስትጠጣ የጠረጴዛውን ጠርዝ መያዝ ጀመረች፤ አየሁት፤ ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ከ2 ወር በኋላ ቁራሽ ዳቦ ስትውጥ ከወንበር ወድቃ ቅንድቧ ተሰነጠቀ። የአሁኗ ሐኪም ዘንድ ያደረሰን ያ ስንጥቅ ነው። እሷም የጠየቀቻት ቀላል ጥያቄ ነበር፦ «ቀጥ ይላል ሲሉ፣ ምን ሲያደርጉ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ፤ ሐኪሟንም በጥያቄ አሰለቸኋት። የሚገርመኝ የልብና የምግብ ቧንቧ መምታታት በቋንቋችን ውስጥም መኖሩ ነው። ቃር የያዘው ሰው እጁን ከደረቱ አጥንት በታች አድርጎ «ልቤን ያቃጥለኛል» ይላል። እንግሊዝኛም ቃርን ሲጠራ የልብ ቃጠሎ ነው የሚለው። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሐኪሞች ዛሬም ድረስ ካርዲያ ይሉታል፤ በግሪክኛ ልብ ማለት ነው። የሰው ልጅ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ መሰማት ተስኖት የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጡንቻ ቱቦ ነው። ከጉሮሮ ተነስቶ ከአየር ቧንቧ ኋላ ይወርዳል፤ ደረት ውስጥ ሲደርስ ልክ ከልብ ጀርባ ያልፋል። ከፊቱ ያለው የግራው የላይኛው የልብ ክፍል ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጎረቤትነቱ እንዲህ ስለሆነ የልብ ሐኪሞች ከደረት ውጭ በሚነሳ ኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ በደንብ ያልታያቸውን ነገር ሲፈልጉ፣ ቀጭን የአልትራሳውንድ መሣሪያ በጉሮሮ አስገብተው ልብን በምግብ ቧንቧ በኩል ከጀርባው ያዩታል። ከዚያ ቦታ ሆኖ የሚታይ ልብ ጥርት ብሎ ይታያል።

ቅርበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ትንሽ ነበር። ሁለቱ ነርቭም ይጋራሉ። ቬገስ የሚባለው ነርቭ ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ምግብ ቧንቧ፣ ወደ ጨጓራና ወደ አንጀት ይዘልቃል። ስሙ በላቲን ዘዋሪ ማለት ነው። ከምግብ ቧንቧ «ተወጠርኩ፣ ተቃጠልኩ» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል ያደርሳል፤ ያው ነርቭ ደግሞ ልብን «ቀስ በል» የሚለውን ትእዛዝ ያወርዳል። ሁለቱ መልእክቶች አንጎል ግርጌ ላይ የሚገናኙበት ቦታ አጎራባች ነው። አንዳንድ ሰው ላይ የመጀመሪያው መልእክት ከልክ ያልፍና ሁለተኛውን ይቀሰቅሳል። የተወጠረው የምግብ ቧንቧ ሆኖ ሳለ ትእዛዙ የሚደርሰው ልብ ላይ ነው፤ ምቱን የሚያስጀምረው ክፍል ዝም ይላል፣ ወይም ምቱ ከላይኛው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል መሻገር ያቅተዋል። ደም ወደ አንጎል ለሰከንዶች ይቋረጣል፤ ሰውየው ይዞረዋል ወይም ራሱን ይስታል።

የእናቴ በሽታ ይህ ነው፤ ሲውጡ ራስን መሳት። ብዙ ሰው ላይ የሚታይ አይደለም። ያለባቸው ሰዎች ግን ምን እንደሚቀሰቅሰው ጠንቅቀው ያውቁታል፤ አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሌላውን ጋዝ ያለው መጠጥ፣ ሌላውን በደንብ ያልታኘከ ጠንካራ ምግብ ይጥለዋል። ከሚያዙት ብዙዎቹ የምግብ ቧንቧቸው ላይ ሌላ ችግር ይገኛል፦ ጡንቻው ያለ ሥርዓት ይኮማተራል፣ ቱቦው ጠቧል፣ የታችኛው በር መከፈት እምቢ ብሎ ምግብ ከላይ ተጠራቅሟል፣ ወይም የጨጓራ ጫፍ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም፣ ቀዳዳ በኩል ወደ ደረት ወጥቷል። እናቴ ባሪየም የሚባለውን ራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ ጠጥታ ራጅ ስትነሳ የተገኘው ይህ የመጨረሻው ነው። ራጁን ሐኪሟ ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችን፤ መሆን ከሚገባው ቦታ በላይ፣ ከልቧ ጥላ ኋላ፣ እንደ ትንሽ ፊኛ ያለ ነገር ተቀምጧል። የመጀመሪያው ሐኪም «ጨጓራ ነው» ማለቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም ማለት ነው። የጎደለው መጨረሻው ነው፤ ጨጓራ ነው ብሎ ቆመ።

ሌላም ነገር ተገኘ። እናቴ ለደም ግፊት የምትወስደው መድኃኒት ቤታ ብሎከር የሚባለው ዓይነት ነበር። የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት ነው፤ ለብዙ ሰው ሕይወት አዳኝ ነው። ቬገስ ነርቭ እያቆመው ያለ ልብ ላይ ሲጨመር ግን የቆመውን መነሳት ያከብድበታል። ሦስት ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ያንን መድኃኒት በፌስታል ይዘነው ነበር። አውጡት ያለን አልነበረም፤ እኛም አላወጣነውም።

ስለ እናቴ ብቻ ብጽፍ ይህ ጥቂት ሰዎችን የሚመለከት ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ያው ነርቭ ከዚህ እጅግ በበዛ ሰው ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ እሱም የደረት ሕመም ነው። ልባቸውን የሚመግበው የደም ሥር የጠበበባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ። ተመራማሪዎቹ በቀጭን ቱቦ ጥቂት አሲድ ምግብ ቧንቧቸው ውስጥ ጨመሩ። ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደው ደም ቀነሰ፤ አንዳንዶቹም የለመዱት የደረት ሕመም መጣባቸው። ያንኑ ሙከራ ልብ የተተከለላቸው ሰዎች ላይ ደገሙት። በሚተከልበት ጊዜ ልብን ከቬገስ ጋር የሚያገናኙት ነርቮች ይቆረጣሉ፤ እነሱ ላይ አሲዱ የደሙን ፍሰት አልለወጠውም። ይህንን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ቃር «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲባል፣ ልቡ ቀድሞውኑ ለታመመ ሰው ቃሉ በከፊል ቃል በቃል እውነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም አቅጣጫ ላይ። የድንገተኛ የልብ ሕመም ምልክት የሆነውን ቃር ነው ብሎ ተኝቶ ያልነቃ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ የሚታለፉት ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉና ስኳር ያለባቸው ናቸው፤ ልባቸው ሲታመም ደረታቸውን ጨብጠው ከመውደቅ ይልቅ ማቅለሽለሽ፣ ከእንብርት በላይ መጨነቅ፣ ድካም ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የታወቀ መሆን አለበት፦ ደረት ሲያም መጀመሪያ የሚታየው ልብ ነው። ደረትን የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ፣ ቃር ይሁን ልብ ለመለየት ቤት ቁጭ የሚባልበት ጊዜ የለም። ሐኪም ቤትም አንድ ንጹሕ ኢሲጂ ብቻውን አይበቃም፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚለቀቀው ትሮፖኒን ይለካል፣ አንዳንዴም ከሰዓታት በኋላ ይደገማል።

በመድኃኒት መፈተንም ያታልላል። ለልብ ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ተደርጎ ሕመሙ ከለቀቀ «እንግዲያው ልብ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። መድኃኒቱ ግን የሚያፍታታው ለስላሳ ጡንቻን ነው፤ የደም ሥር ግድግዳም፣ የታችኛው የምግብ ቧንቧም የተሠሩት ከዚያው ጡንቻ ነው። የተኮማተረ የምግብ ቧንቧ በናይትሮግሊሰሪን ይሻለዋል። በተቃራኒውም የአሲድ ማብረጃ ጠጥቶ የተሻለው ሰው ልቡ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሕመም በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ የሚሄድ ነገር ነው፤ የሄደው መድኃኒት ከዋጥን በኋላ ከሆነ ምስጋናውን ለመድኃኒቱ እንሰጣለን።

ልብ ተመርምሮ ደህና ሲባል ደግሞ ሁለተኛው ስህተት ይጀምራል። «ልብዎ ደህና ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለታማሚው ምርመራው አለቀ ማለት ይመስለዋል። ደረቱ ግን ያመዋል። ስለ ምግብ ቧንቧው የሚጠይቀው ካላገኘ፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ሞቴ ዛሬ ነው እያለ ለዓመታት ይኖራል። የቧንቧውን ግፊት የሚለካ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ አሲድ ወደ ላይ እንደሚመለስ የሚቆጥር ምርመራ አለ። እናቴን ሳያት የኖርኩት ይህንን ነው፤ ደህና ነሽ የተባለች፣ ደህና ያልሆነች ሴት።

የጨጓራ ወደ ደረት መውጣት ሲገፋ ልብን በነርቭ ሳይሆን በክብደቱ ያስቸግራል። ትልቅ ሲሆን የግራውን የላይኛውን የልብ ክፍል ከኋላ ይጫነዋል፤ ከበሉ በኋላ የትንፋሽ ማጠርና የልብ መርበትበት ሊያመጣ ይችላል። ኢኮ ላይ ልብ ውስጥ ያለ እጢ መስሎ ሐኪም ያስደነገጠበት ጊዜም ተመዝግቧል። እንዲህ ሲያጠራጥር ታማሚውን ጋዝ ያለው መጠጥ አጠጥተው ኢኮውን እያዩ ይጠብቃሉ፤ እጢ የመሰለው ነገር ውስጥ አረፋ ሲገለባበጥ ከታየ ጨጓራ ነው።

ስለ ምግብ ቧንቧ መቀደድ ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሰዓት የሚቆጥረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1724 ኸርማን ቡርሀቨ የተባለ የደች ሐኪም፣ ከብዙ ምግብ በኋላ በኃይል አስታውኮ በከባድ የደረት ሥቃይ ስለሞተ አንድ አድሚራል ጻፈ። አስከሬኑን ከፍቶ ሲያይ የምግብ ቧንቧው ተበጥሶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ምግብ፣ አሲድና አየር ልብ ወዳለበት የደረት መሃል ይፈስሳል፤ ልብን የሸፈነው ከረጢት ሊያመረቅዝ፣ ፈሳሽ ሊሞላበትና ልብን አንቆ ሊያቆመው ይችላል። እንዲህ የተቀደደን ሰፍቶ ሰው ማዳን የተቻለው ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ በኖርማን ባሬት እጅ ነው። ዛሬም በኃይል ካስታወኩ በኋላ የሚመጣ ኃይለኛ የደረት ሕመም እስኪነጋ የሚያስጠብቅ አይደለም።

ልጅ ያለው ሰው ይህንንም ይያዝልኝ፦ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ። ሕፃን ስትውጣትና ምግብ ቧንቧ ላይ ስትቀረቀር፣ ባትሪዋ ከእርጥቡ ሥጋ ጋር ስትነካካ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠርና ሥጋውን እንደ ጠንካራ ኬሚካል ያቃጥለዋል። ከባድ ጉዳት ለመድረስ 2 ሰዓት ይበቃዋል። ቃጠሎው ወደ ትልቁ የደም ሥር፣ ወደ አኦርታ ከዘለቀ የሚመጣው መድማት ገዳይ ነው፤ ባትሪዋ ከወጣች ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ልጁ ምንም አልመሰለውም፣ ይጫወታል፣ የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

መንገዱ በተገላቢጦሽም አለ። ልባቸው ሥርዓት አጥቶ የሚርገበገብባቸው ሰዎች አንዳንዴ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ በካቴተር፣ የግራው የላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ቦታ ቦታው ላይ በሙቀት ይተኮሳሉ። ከኋላ ያለው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ፣ የምግብ ቧንቧ ነው። በጣም አልፎ አልፎ ሙቀቱ ይደርሰውና ከሳምንታት በኋላ በልብና በምግብ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ይህንን ሕክምና ያደረገ ሰው በቀጣዮቹ 2 ወራት ትኩሳት፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም እንደ ስትሮክ ያለ ምልክት ቢያይ፣ የተደረገለትን ሕክምና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ መናገር አለበት። የሚያየው ሐኪም ሳያውቅ ኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ ያለው ቱቦ፣ በጉሮሮ ካስገባ፣ የሚነፋው አየር በቀዳዳው ወደ ልብና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላልና።

መድኃኒቱም እንዲሁ ይሻገራል። ለቃር ይሰጥ የነበረው ሲሳፕራይድ የልብን ምት በአደገኛ ሁኔታ ስላዛባ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱት ኦሜፕራዞልና ወንድሞቹ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አንዳንድ ሰው ላይ ማግኒዚየም ያጎድላሉ፤ ማግኒዚየም ሲጎድል ልብ ይዛባል። ኦሜፕራዞል ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን የክሎፒዶግሬልንም ኃይል ስለሚቀንስ፣ ለልቡ ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ሰው ሁለቱንም ለሚያዝለት ሐኪም ማሳየት ይኖርበታል። ከልብ መድኃኒቶችም እንደ ናይትሮግሊሰሪን ያሉት ናይትሬቶችና አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች የምግብ ቧንቧውን የታችኛውን በር ያላላሉና ቃር ያብሳሉ። ማንም ይህንን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም እለምናለሁ፤ የምለው ፌስታሉን ይዛችሁ ግቡና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት ነው።

እናቴ መጀመሪያ የግፊት መድኃኒቷ ተቀየረ። በትንሽ በትንሹ፣ ቀስ ብላ፣ ቀና ብላ ተቀምጣ እንድትበላ ተነገራት። መውደቁ ቀረ፤ መዞሩ ግን አልቀረም። አንድ ቀንና ሌሊት የተሸከመችው ሆልተር፣ የልብን ምት ሳያቋርጥ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆሙን ቆጠረ። ፔስሜከር፣ ልብን የሚያስመታ መሣሪያ፣ ተደረገላት፤ ከግራ ትከሻዋ በታች፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ጎላ ያለች ነገር። ቬገስ ልቧን ሲያቆመው መሣሪያዋ ትመታለች። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ እየተንቀጠቀጥኩ ያየችኝ እናቴ ናት «አይዞሽ ልጄ» ያለችኝ።

ይቅርታ የጠየቅኳት ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ነው። ጭንቀት ነው ያልኩሽ፣ አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «እኔም እኮ ጭንቀት ይሆን እንዴ ማለት ጀምሬ ነበር» አለችኝ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ሰውነቷ የሚነግራትን በትክክል የምታውቅ ሴት፣ እኛ ደጋግመን ስላላመንናት፣ ራሷን ማመን ልታቆም ነበር።

አሁን 8 ወር ሆናት። ትናንት ከኩሽና ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ስትጠጣ ከኋላዋ ቆሜ አየኋት። ብርጭቆውን አጋመሰችው፤ ምንም አልሆነችም። ግራ እጇ ግን አሁንም የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዟል።